ከኮት ኪስ የወጣው ባለሦስት መልክ እንግዳ

አንድ ነገር አንድ ነገር ብቻ ሆኖ ቢኖር ኖሮ እኛ የወረታ ሰዎች ስንት ድካም በቀረልን ነበር። ግን አይሆንም። ሜዳችንን ተመልከቱት። በሚያዝያ ብትመጡ ከብት የተሰማራበት፣ እንደ ተረከዝ የተሰነጣጠቀ ደረቅ መሬት ነው። በነሐሴ ብትመጡ ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሐይቅ ሆኖ ይጠብቃችኋል፤ ትናንት በሬ ባሰርንበት ቦታ ዛሬ በታንኳ ይኬድበታል። "ፎገራ ሜዳ ነው ወይስ ውኃ?" ብትሉኝ "መቼ?" ብዬ መልሼ እጠይቃችኋለሁ።

ይሄ አልበቃ ብሎ በደርግ ጊዜ ሩዝ መጣ። የአምራቾች ማኅበር ረግረጉ ላይ ዘራው፤ በቀለ፤ ታጨደ፤ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ ጠፋ። ግማሻችን እንደ ንፍሮ ቀቀልነው፣ ግማሻችን እንደ ጤፍ አስፈጭተን ሊጥ አደረግነው፣ እኔ ለዶሮዎቼ በተንሁት። ምንነቱን ሳይጠይቁ የበሉት ዶሮዎቼ ብቻ ናቸው።

እንግዲህ እንዲህ ባለ አገር የምትኖር ሴት ነገር ሲለዋወጥ አይታ ልትደነግጥ አይገባትም ነበር። እኔ ግን ደነገጥሁ። ደንግጬ ዝም ብል ደግ ነበር። ተናገርሁ።

ስሜ ጠጂቱ ነው። ፊደል የቆጠርሁት ከጎለመስሁ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የምስክር ወረቀቴ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሏል። ስጽፍ መሥመር ብስት ታገሡኝ፤ ወሬ ላይ ግን አልስትም። ቤቴ ከሁለት ጎረቤት መካከል ነው። በግራ አጥሬ በኩል ብረት ቀጥቃጩ አያ ፈንታ አለ፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የምትይዝለት ልጁ ስንዱ ናት። በቀኝ አጥሬ በኩል ማሬ አለች፤ ባሏ የሞተባት፣ ስድስት የፎገራ ላም የምታልብ፣ ዘሯን እስከ ሰባት ቤት የምትቆጥር፣ ስምንተኛውን ስትጠየቅ ሳል የሚይዛት ሴት ናት። አጥሬ በግራም በቀኝም ቀዳዳ አለው። እኔ አልቀደድሁትም። አልደፈንሁትምም።

በግራው ቀዳዳ ካየኋቸው ነገሮች አንዱ የማሬ ልጅ የእንየው ማረሻ ነው። ማረሻ መዶልዶሙ ያለ ነው፤ ወደ ቀጥቃጭ ወስዶ ማስመታትም ያለ ነው። የእንየው ማረሻ ግን በወር አራት ጊዜ መዶልዶም ጀመረ። ልብ በሉ፤ የፎገራ መሬት ጥቁር ጭቃ ነው፤ ለጉልቻ የሚሆን ሦስት ድንጋይ ፈልጋችሁ አታገኙበትም። ምን አግኝቶ ዶለዶመ? ጠጋ ብዬ ሳይ ለካ ማረሻው ደህና ነው። አያ ፈንታ ብረቱን ሲመታ ስንዱ ወናፉን ትነፋለች፤ እንየው ደግሞ እሳቱን ትቶ የምትነፋውን ያያል። የዶለዶመው ልጁ ነበር።

እናንተ ዘንድ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። እኛ ዘንድ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ሸክላ የሚሠራ ሰው ቀን ይፈለጋል፣ ሲመሽ ይፈራል። ማረሻችንን ይዘን ወደ እሱ እንሮጣለን፤ ሕፃናችንን ሸፍነን ከእሱ እንሸሻለን። "ሲመሽ ጅብ ይሆናሉ" ይባላል። ማን አየ? ማንም። ማን ያምናል? እሱን እንኳ ተዉት። አብዮቱ ከመጣ ወዲህ እንዲህ ማለት ክልክል ሆነ፤ ሊቀመንበራችን ጓድ ጥጋቡ በየስብሰባው "የእጅ ሙያተኛ የአገር ጀርባ ነው፤ ቡዳ ብሎ የሰደበ ወዮለት!" ይለናል፤ እኛም እናጨበጭባለን። ስለዚህ እንየው "ስንዱን ነው የማገባ" ሲላት ማሬ እምቢ የምትልበት አፍ አጣች። "ዘራቸው…" ብላ ጀመረችና ግራ ቀኟን አይታ "ዘራቸው ብዙ ነው" ብላ ጨረሰች። ሽማግሌ ተላከ፤ ሠርጉ ለዳግም ትንሣኤ ተቆረጠ፤ ማሬ ጌሾዋን ወቅጣ ጠላ ጠነሰሰች። ፊቷም ከጌሾው ጋር የተወቀጠ ይመስል ነበር።

በዚያ ሰሞን የእርዳታ ልብስ መጣ። ቀበሌው በዕጣ አከፋፈለን። ከዚያ ክምር ውስጥ አንድ ሎሚ የመሰለ ቢጫ ኮት አያ ፈንታ ቤት ገባ። እንዴት እንደገባ ኋላ እነግራችኋለሁ፤ አሁን አታስቸኩሉኝ።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ የአያ ፈንታ መዶሻ ድንገት ዝም አለ። ሰው ድምፅ ሲሰማ ይነሣል፤ እኔ ድምፅ ሲጠፋ ነው የምነሣ። ወደ ቀዳዳዬ ሄድሁ። አያ ፈንታ ብረት ከሚቀጠቅጥበት መስፍ አጠገብ ተቀምጦ በመዳፉ ላይ አንዲት ቀይ መኪና ይዟል። ቢጫው ኮት ኪሱ ተገልብጦ ጉልበቱ ላይ ነው። ደግ፤ መኪና ናት አልሁ። ሆዷን ሳብ አደረገው፤ ከሆዷ ጭንቅላት ወጣ። ጎኗን ዘረጋው፤ እጅ ሆነ። ኋላዋን ጎተተው፤ ሁለት እግር ሆኖ ወረደ። መኪናዪቱ ተነሥታ ቆመች! ደረተ ሰፊ፣ ዓይነ ሰማያዊ፣ አፍ የሌለው ሰው ሆነች። አፍ የሌለው መሆኑን ኋላ ቀርቤ ሳይ ቀናሁበት።

አማተብሁ። ዓይኔን ግን ከቀዳዳው አልነቀልሁም፤ ማማተብ በእጅ ነው። አያ ፈንታ ሰውዬውን ከወገቡ አጠፈው፤ እጆቹን ወደ ፊት አወረዳቸው፤ እግሮቹን ከኋላ አሳጠራቸው፤ ያ ጭንቅላት ወደ ውስጥ ገብቶ መንጋጋ ያለው ሌላ ጭንቅላት ወጣ። በአራት እግሩ ቆመ። ፊቱ ከፍ፣ ኋላው ዝቅ። የሠሩት ፈረንጆች ምን ብለውት እንደሆነ አላውቅም፤ አንበሳም ብለውት ይሆናል፣ ውሻም ብለውት ይሆናል። እኛ አገር ግን ፊቱ ከፍ ኋላው ዝቅ ያለ ባለአራት እግር አንድ ስም ብቻ ነው ያለው። "ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ" ይባላል። ይሄኛው ያልታደለ፣ አሳምረው ከሚያውቁት አገር፣ ያውም ከቀጥቃጭ ቤት ገባ።

የነገርሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ለማሬ።

"ማሬ ትሙት፣ መኪና ነበር፣ ሰው ሆነ፣ ከሰውነቱ ደግሞ ጅብ ሆነ" አልኋት።

"ማን?"

"ያ ነገር ነዋ። አያ ፈንታ እጅ ላይ ያለው።"

"ምን ያህላል?"

"መዳፍ ቢያህል ነው።"

"ሲያድግስ?" አለች ማሬ።

ይሄን እኔም አላሰብሁበትም ነበር።

ወሬው ከደጄ ሲወጣ መዳፍ ያህል ነበር። ገበያ ሲደርስ "እጅ ላይ ያለው" የሚለው ከመንገድ ወድቆ ቀረ። ሐሙሲት ከተማ ሲደርስ መኪናም፣ ሰውም፣ ጅብም የሚሆነው ራሱ ፈንታ ነበር። ከአንበሳሜ የመጣ አንድ ሰው መልሶ ለእኔው ሲያወራልኝ "ቀይ መኪና ሆኖ ጎንደር ደርሶ ይመለሳል አሉ" አለኝ። በዚያ ነዳጅ በጠፋበት ዘመን! ሰዎች ግማሹ በፍርሃት፣ ግማሹ በቅናት ነበር የሚያወሩት። "ኧረ እኔ እንዲህ አላልሁም" ብዬ ላስተካክል ሞከርሁ፤ የአፍ ወለምታ ግን በቅቤ አይታሽም።

ማሬ ጥንስሷን ከድና ተወችው። ማጣራት ቀረ፤ ለሠርጉ የተባለው ሁሉ ቆመ። በቀኙ ቀዳዳ እናትና ልጅ ሲከራከሩ ሰማሁ።

"እማዬ፣ ማረሻውን እሱ ነው የሠራልሽ፣ ማጭዱንም እሱ ነው፣ ቢላዋሽም የእሱ ነው። ቤትሽ ሙሉ የእሱ እጅ ነው። እስካሁን ማንን በላ?"

"ልጄን" አለች ማሬ።

እንየው ምሳውን ሳይነካ ተነሥቶ ወጣ።

በግራ አጥሬ በኩል ደግሞ መዶሻው ሦስት ቀን ሙሉ አልተሰማም። እናንተ ይሄ ቀላል ይመስላችኋል። የጎረቤት መዶሻ እየሰማ ያረጀ ጆሮ ዝምታ ሲመጣበት መተኛት ያቅተዋል። ስንዱ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ሴቶቹ እንስራቸውን ይዘው መንገድ ይለቁላታል። መንገድ መልቀቅ ክብር ነው፣ አይደል? ይሄኛው ሌላ ነው። በሦስተኛው ቀን በቀዳዳው ሳይ ስንዱ ከማዶ ቆማ ወደ ቀዳዳው እያየች አገኘኋት። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። ቢጫውን ኮት አጣጥፋ በእጇ ይዛዋለች። አንድ ነገር የምትለኝ መስሎኝ ጠበቅሁ። ምንም ሳትል ገባች። ይሄንን ልብ በሉልኝ።

ማሬ ቀበሌ ሄደች። "ጓድ ሊቀመንበር፣ ያ ነገር ምን እንደሆነ ተመርምሮ ይነገረኝ። ሰው ከሆነ ሰው፣ መኪና ከሆነ መኪና ይባልልኝ። ጅብ ከሆነ ግን ልጄን አልሰጥም" አለችው። ጓድ ጥጋቡ ጭንቅ ውስጥ ገባ። ጅብ ብሎ መመርመር ኋላ ቀርነት ነው፤ ምንነቱ ያልታወቀ የውጭ ዕቃ ሳይመረምሩ መተው ደግሞ ንቃት ማጣት ነው። ስለዚህ ጅቡን ሳይሆን ዕቃውን የሚገመግም ኮሚቴ አቋቋመ፤ የኮሚቴው ቃል ከሠርጉ በፊት ይሰማ ተባለ። ኮሚቴው ራሱ ጓድ ጥጋቡ፣ የኔታ እና እኔ ነን። ጓድ ጥጋቡ ሊቀመንበር ከመሆኑ በፊት የጎንደር መኪና ረዳት ስለነበረ በመኪናው በኩል ያውቃል። የኔታ ጧት የቤተ ክርስቲያን ተማሪ፣ ከሰዓት የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ስለሚያስተምሩ በሰውየው በኩል ያውቃሉ። እኔ የተመረጥሁት በዓይን ስላየሁ ነው። ወሬ ነዛሽ ብለው ይከሱኛል ብዬ ስፈራ አባል አድርገው ሾሙኝ።

አዳራሹ ሞላ። አያ ፈንታና ስንዱ የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ ከኋላቸው ሁለት አግዳሚ ባዶውን ቀረ፤ ሰው ግን ከበር ውጭ ቆሟል። ዕቃው በመኪና መልኩ ቀይ ጨርቅ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ከግድግዳው ላይ ሦስቱ ባለፂም ፈረንጆች እኛኑ ያያሉ።

"ጓዶች!" አለ ጓድ ጥጋቡ፣ "ከሁሉ በፊት ጅብ የሚባል ነገር የለም።"

"ኧረ አለ ጓድ!" አለ አንዱ ከኋላ፤ "ሰኞ ዕለት ውርንጭላዬን ማን በላው ታዲያ?"

"ማለቴ፣ ሰው የሚሆን ጅብ የለም።"

"እኛስ ጅብ የሚሆን ሰው ነው ያልን።"

ሳቅ ሆነ። አያ ፈንታ መሬት መሬት ያያል። ጓድ ጥጋቡ ጠረጴዛውን መታና ወደ ግምገማው ገባ።

መኪናዪቱን አንሥቶ ከሥር አያት፣ ጎማዋን በጣቱ አዞረ፣ አሸተታት። "ጎማ አላት። በሯ አይከፈትም። ሞተር የላትም። ሰሌዳ የላትም" እያለ አስጻፈ። ከዚያ ግንባሩን ቋጠረ። "ሹፌሩ በየት በኩል ነው የሚገባ?"

"እንደተነገረን ከሆነ ሹፌሩ ራሱ መኪናው ነው" አሉ የኔታ።

"እሺ፤ ረዳቱስ?"

ይሄን የጠየቀው ከልቡ ነበር።

ቀጥሎ ወደ ሰውነቱ ይቀየር ተባለ። ጓድ ጥጋቡ ሆዷን ሲስብ ጭንቅላት ወጣ፤ ጎኗን ሲጎትት አንድ እጅ ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ እንቢ አለ። ቢገፋው፣ ቢያዞረው፣ ቢያባብለው፣ ሌላው እጅ አልወጣም። ላቡ ቀይ ጨርቁ ላይ ጠብ አለ። ለየኔታ ሰጣቸው። የኔታ ብራና እንደሚገልጥ ሰው በሁለት ጣት ሞከሩት፤ አንድ እግር ወጣ። እኔ ሞከርሁ፤ የወጣው እግር ተመልሶ ገባ። አንድ ጎኑ ጎማ፣ አንድ ጎኑ ክንድ ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ጋደም አለ።

"አሁን ምን ብለን እንጻፈው?" አሉ የኔታ።

ጓድ ጥጋቡ አሰበና "በሽግግር ላይ ነው" አለ።

የሽግግር ወሬ በየስብሰባው ስንሰማ ስለኖርን ሁላችንም ገባን። ማሬ ብቻ አልገባትም። "እኔ የሽግግር አማት አልሆንም!" ብላ ተነሣች፤ "ፈንታ ያውቅበታል፤ ይቀይርልንና እንይ!"

"ጓድ ፈንታ፣ እስቲ ና፣ አሳየን" አለ ሊቀመንበሩ።

አያ ፈንታ ከመቀመጫው አልተነሣም። "አልነካውም።"

"ለምን?"

"ካልነካሁት እናንተ አታዩትም። ከነካሁት ደግሞ የእኔን ጅብነት በዓይናችን አየን ትላላችሁ። ብትመክረኝ፣ የትኛው ይሻለኛል ጓድ?"

የኔታ ዝቅ ባለ ድምፅ "እንግዲያ ያን ዕለት ምን ታደርግበት ነበር ልጄ?" አሉት።

"ማጠፊያውን ነበር የማየው የኔታ" አለ። እጁ ሳያስበው ባዶ አየር ላይ ማጠፍ መዘርጋት ጀመረ። "እኔ አንድ የበር ማጠፊያ ብሠራ ሁለት ቀን ይፈጅብኛል። ይሄ ግን ጥፍር የማታህል ማጠፊያ ናት፤ አንዷ ስትታጠፍ ሌላዪቱን ትገፋለች። ሥራውን ሳይ ሠሪው ታሰበኝ። ይሄን የመሰለ እጅ ያለውን ሰው በአገሩ ምን ብለው ይጠሩት ይሆን? ልጁንስ የሚያገባለት ሰው አለ ይሆን? ይሄን ነበር የማስብ።"

ስንዱ አንገቷን ደፋች። እንየው ከበሩ አጠገብ ቆሞ ግድግዳውን በጥፍሩ ይቧጭራል። እኔ ምን ማየት እንዳለብኝ አጣሁ፤ ዓይኔ የሚያርፍበት ሲያጣ የመጀመሪያው ቀን ያ ነው።

ያን ጊዜ ማሬ "እስቲ አምጡት!" ብላ ከጠረጴዛው ላይ ነጠቀችው። ስድስት ላም የሚያልብ እጅ ታውቃላችሁ? ጡት እንደምትስብ ሳብ፣ ጨመቅ፣ ሳብ አደረገችው። ቀጭ አለ። ቀጭ ቀጭ አለ። እጁ ገባ፣ ወገቡ ታጠፈ፣ ያኛው ጭንቅላት ጠፍቶ መንጋጋው ብቅ አለ። ማሬ መዳፏን ስትከፍት በአራት እግሩ ቆሞ ነበር። ፊቱ ከፍ፣ ኋላው ዝቅ።

አንድ አግዳሚ ሙሉ ሰው ከማሬ ሸሸት አለ። በዓይኔ ነው ያየሁት፤ ቂጣቸውን ሳያነሡ ነው የተንሸራተቱት። ማሬ ልትጥለው ፈራች፣ ልትይዘውም ፈራች። ከንፈሯ ነጣ። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ስምንተኛውን ቤት ሳትጠየቅ ያሰበች መሰለኝ።

ጓድ ጥጋቡ ፈጠን ብሎ "ጓዶች፣ ይሄ አጋጣሚ ነው!" አለ።

"አጋጣሚ ነው እንጂ! ማሬ የጨዋ ልጅ አይደለች?" አሉ ከኋላ። የሸሹት ተመልሰው ጠጋ አሉ። አንዷማ ትከሻዋን ደባበሰቻት።

አያ ፈንታን አየሁት። እሱ እኔንም አላየም፤ ማሬንም አላየም። የሚያየው ከኋላው ባዶ የቀሩትን ሁለት አግዳሚዎች ነበር። ስንዱ ግን ዞር ብላ እኔን አየችኝ። በቀዳዳው በኩል ያየችኝ አስተያየት ነው። ያን ጊዜም ዝም፣ አሁንም ዝም።

እንግዲህ የኮቱን ነገር ኋላ እነግራችኋለሁ ብዬ ነበር። ያ ቢጫ ኮት የስንዱ ዕጣ አልነበረም። የእኔ ነበር። ለስንዱ የደረሳት ወፍራም ብርድ ልብስ ነው። ኮቱን አየሁት፤ አንዱ ክንዴ እንኳ አይገባበትም። ብርድ ልብሱን አየሁት፤ ከእነጠረኑ አዲስ ነው። "ልጄ፣ አንቺ ሙሽራ ነሽ፤ ኮት ነው የሚያምርብሽ፤ ብርድ ልብስ ለአሮጊት ነው" አልኋት። ለወትሮው አሮጊት ነሽ ያለኝን አልምርም። ልጅቱ ጨዋ ናት፤ ዝም ብላ ለወጠችኝ። የሰው ኪስ ውስጥ ምን እንዳለ ሳላየው የማውቅ ሴት የገዛ ኮቴን ኪስ ሳልፈትሽ ሰጠሁ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ማንም አልጠየቀኝ። ስንዱም አልከሰሰችኝ። ግን ሠርጉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ዝም ብል የሚፈርሰው የሁለቱ ቤት ነው፤ አፌ ደግሞ ይባስ ብሎ ለክፋት ሲሆን ሳይጠሩት የሚመጣ፣ ለደግ ሲሆን የሚደርቅ ነው። ተነሣሁ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ኮቱ የእኔ ዕጣ ነበር" አልሁ። የብርድ ልብሱን ነገር አንድ ሳላስቀር ተናገርሁ። "ስለዚህ ያ ነገር ከፈረንጅ አገር ተነሥቶ የመጣው ወደ አያ ፈንታ ቤት አይደለም፤ ወደ እኔ ቤት ነው። ጅብ ከሆነ የእኔ ጅብ ነው።"

ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ። አግዳሚው ሲሸሽ ልሰማ፣ ነገ እንስራዬን ይዤ ስወጣ መንገድ ሲለቀቅልኝ፣ ቤቴን በሩቅ ሲያልፉት፣ ሁሉን አሰብሁት። ተሰናብቼ ጨርሼ ነበር ማለት ይቻላል።

ሳቁ!

አዳራሹ ሙሉ ሳቀ። "የጠጂቱ ነው አትሉም! ወይ ጠጂቱ! እንዲያ ከሆነማ የልጅ መጫወቻ ነው!" ጓድ ጥጋቡም እየሳቀ፣ ላቡን እየጠረገ "የልጅ መጫወቻ፣ ቁጥሩ አንድ" ብሎ አስጻፈ። የኔታ "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። ማሬ እጇ ላይ ያለውን አየችና "ውይ፣ ለካ ያምራል!" አለች። ያው ነው እኮ! መልኩን አልቀየረም! ፊቱ ከፍ፣ ኋላው ዝቅ እንዳለ እዚያው መዳፏ ላይ ቆሟል። መንጋጋውም አልተከደነ።

"አሁን መጫወቻ ሆነ?" አለ አያ ፈንታ። ቀስ ብሎ ስለተናገረ ከስንዱና ከእኔ በቀር የሰማው የለም። እሱ አልሳቀም።

ሠርጉ በዳግም ትንሣኤ ሆነ። የማሬ ጠላ ትንሽ ቆምጧል፤ ጥንስሱ ያን ሁሉ ቀን ያለ ጠያቂ ስለከረመ ነው፤ ማንም ግን ደፍሮ አልተናገረ። እኔ ያን ብርድ ልብስ ለሙሽሪት ስጦታ ብዬ ይዤ ሄድሁ። ሰው ሁሉ ደግነቴን አደነቀ። ስንዱም አመሰገነችኝ፤ ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና። ከሠርጉ በኋላ በነበረው ሰኞ የአያ ፈንታ መዶሻ እንደገና ተሰማ፤ እኔም ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

ያን ነገር "ባለዕጣዋ ትውሰድ" ብለው ለእኔ ሰጡኝ። ለአያ ፈንታ ላድርስለት ብዬ ነበር፤ "ማጠፊያውን አይቼዋለሁ፤ ሌላውን አልፈልገውም" አለኝ። ከምስክር ወረቀቴ ሥር አስቀመጥሁት። አንዳንዴ ወደ ሰውነቱ ልመልሰው እታገላለሁ፤ በሽግግር ላይ ይቀርብኛል። ከባሕር ዳር የመጣ አንድ ተማሪ አየውና "ይሄ ሮቦት ይባላል እትዬ" አለኝ። አመሰገንሁት። ስሙን ማወቄ ግን የጠቀመኝ ነገር የለም።

ስንዱ ከግራ አጥሬ ወደ ቀኝ አጥሬ ተዛውራ የለ፤ አባቷን ልትጠይቅ ስትሄድ በእኔ ግቢ ታቋርጣለች። አንድ ቀን ስትገባ ያ ነገር ግማሽ ጎማ ግማሽ ክንድ ሆኖ አገኘችው። እያወራችኝ፣ እጇን እንኳ ሳታይ፣ በሁለት ጣቷ ቀጭ ቀጭ አድርጋ ሰው አደረገችው፣ ጅብ አደረገችው፣ መኪና አድርጋ አስቀመጠችው።

"ስንዱ" አልኋት፣ "ኮቱ የእኔ እንደነበር ስታውቂ ያን ሁሉ ቀን ለምን አልተናገርሽም?"

"ብናገርስ እትዬ? 'የቀጥቃጭ ልጅ ልታመልጥ በሰው አላከከች' ነበር የሚሉ። እርስዎ ሲናገሩ ግን ሳቁ።"

ወደ ዕቃው ዞርሁ። "እሺ ይሄስ፣ ከሦስቱ የትኛው ነው እውነተኛ መልኩ?"

ነጠላዋን አስተካክላ ወደ በሩ ሄደች። "እሱማ እትዬ፣ ማን ቤት እንዳለ አይቶ ነው" ብላ ወጣች።

እኔ ይኸው እስከ ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳስበው ግራ ይገባኛል። በዚያ ጉባኤ መልኩን ሲቀይር የዋለው ያ የመዳፍ ዕቃ ይሁን ወይስ እኛ፣ ለይቼ መናገር አልችልም። የምችለውን ግን አደረግሁ። ጭቃ በጭድ አቡክቼ የአጥሬን ቀዳዳ ደፈንሁ።

የግራውን። የቀኙን ገና አልደረስሁበትም።